የኔነሽ ስትከፍታቸው የነበሩ ሳጥኖች

ባለቤቴ የኔነሽ የተወለደችው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ንፋስ መውጫ ያሉ አክስቷ ዘንድ ለትምህርት መጣች። ከዚያ ወዲያ ወደ ስማዳ የምትሄደው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ሆነ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር ታይፕ ተማረች። ስንጋባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ እኔ እስካሁን በማስተምርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። የከተማችን ብርድ ለጽሕፈት አይመችም። ክረምት ላይ ከሥራ ስትገባ አስቀድማ የምታደርገው እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር ነበር። ራት የምንበላው ከዚያ በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያስገባ ከጸሐፊዎቹ ግማሾቹ ተቀነሱ። እሷም ከተቀነሱት ውስጥ ነበረች። ባሕር ዳር ሄዳ ያገለገለ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ገዝታ መጣች፤ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ከአለበል ቤት ቀጥሎ አንድ ክፍል ተከራየች። ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የንግሥ ማስታወቂያ ትጽፍ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኢንተርኔት ወደ ከተማችን ሲደርስ እሷም አስገባች። ተማሪዎች ይጠቀሙበታል ብላ ነበር። ተማሪዎቹም መጡ። ያደከሟት ግን እነሱ አልነበሩም።

በየገጠሩ ልጁ ወይም ወንድሙ ዐረብ አገር፣ አለዚያም ሱዳን የሄደበት ሰው ብዙ ነው። ስልክ እንደ አሁኑ በየቦታው አይሠራም ነበር። ስለዚህ እየመጡ ኢሜይል እንድታወጣላቸው ይለምኗት ጀመር። እሷ «ሳጥን» ትለው ነበር፤ አካውንት ስትላቸው የባንክ እየመሰላቸው ይፈሩ ስለነበር ነው። በገበያ ቀን እህላቸውን ሸጠው፣ ጨውና ጋዝ ሸምተው፣ በመጨረሻ እሷ በር ላይ ይቆማሉ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «መጥቶልኛል?» ነው። ሌላው ከዚያ ይከተላል። ያልተከፈተ ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይቆያል? ስሜ ከሌላ ሰው ስም ጋር አንድ ቢሆንስ? እሱ ጻፍሁ እያለ ለእኔ ለምን አልደረሰኝም? ሳጥኑ ሞላ ማለት ምን ማለት ነው፣ በምን ሞላ?

የኔታ ወልደ ጊዮርጊስም ይመጡ ነበር። የኔታ በደብሩ የድጓ መምህር ናቸው። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ባሕር ማዶ ባለ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ለእሳቸው የሚጽፈውም በኢሜይል ነው። በአንድ የገበያ ቀን እኔም እዚያ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ገቡና ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«የኔነሽ፣ እንዴት ዋልሽ። መብራት ጠፍቶ ሳለ ደብዳቤ ቢመጣ የት ያድራል?»

«እዚህ አይደለም የሚያድረው፣ የኔታ። ሩቅ አገር መጋዘን አለው። መብራት ሲመለስ ከዚያ እናመጣዋለን።»

«መጋዘኑን የሚጠብቁት ያነቡታል?»

«ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም።»

«አማርኛስ መቼ ይችላሉ» አለ አለበል። እሱ ልብስ እየሰፋም ቢሆን ጆሮው ከእኛ ቤት አይለይም፤ አሁን ግን መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ድጓ ብንልክበትስ ከነዜማ ምልክቱ ይደርሳል?» አሉ የኔታ።

«ፎቶ ካነሳነው ይደርሳል።»

«እንግዲያስ ደግ። ያ ልጅ እዚያ ሆኖ ምልክት እየሳተ ነው አሉ። ቅዝቃዜው ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ እዚህም ቅዝቃዜ አለ።»

አለበል የራሱን ጉዳይ ይዞ ነበር የመጣው። እንግሊዝ አገር ሎተሪ እንደ ወጣለት የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል።

«ቆርጠህ ነበር?» አለችው የኔነሽ።

«አልቆረጥሁም።»

«ያልቆረጥኸው እንዴት ይወጣልሃል?»

«እግዜር ሲሰጥ መጀመሪያ ቁረጥ ይላል እንዴ?»

«እግዜር የባንክ ደብተርህን ቁጥር አይጠይቅህም። ደምስሰው።»

አለበል ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም እያጉረመረመ ደመሰሰው፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ወጣለት።

ሳቅ ነበረበት፤ ብዙው ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይከብዳት ነበር። በእኛ አገር መርዶ በየሜዳው አይነገርም። ዘመድና የነፍስ አባት ተጠርተው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ኢሜይል ይህን አያውቅም። አንድ ቀን አቶ ይግዛው የሚባሉ ገበሬ በግ ሸጠው መጡና ሱዳን ያለው ወንድማቸው ጽፎ እንደሆን ጠየቁ። የኔነሽ ደብዳቤውን ከፈተች። የጻፈው ወንድማቸው ሳይሆን ጓደኛው ነበር። ፊቷን ሳትለውጥ ዘጋችውና «አቶ ይግዛው፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም» አለቻቸው። ምንም ሳይጠረጥሩ ሄዱ። እሷ ቤቱን ቆልፋ የኔታ ዘንድ ሄደች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የኔታና የሰፈሩ ሽማግሌዎች አቶ ይግዛው ደጅ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህም አልፎ አልፎ እንደዚያ ያለ ደብዳቤ መጣ። እሷም ያንኑ አደረገች። ሰው ግን ነገሩን ደረሰበት። አለበል «የኔነሽ ኔትወርክ የለም ካለችህ ነጠላህን አዘቅዝቅ» እያለ ይቀልድ ጀመር። ቀልዱ ውሎ አድሮ ፍርሃት ሆነ። ኔትወርክ በእውነት በጠፋ ቀን ሰው እየደነገጠ አስቸገራት። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አበጀች። ኔትወርክ በእውነት ሲጠፋ ወንበሯን ከውስጥ አውጥታ ደጅ ትቀመጣለች። ደጅ ከተቀመጠች ለማንም እያነበበች አይደለምና ሰው በሰላም ይመለሳል። ብርድ ሲሆንም ቢሆን እዚያው ነበረች።

አንድ ቀን ራት ላይ «በዚህ አገር የሰውን ሞት ቀድሜ የምሰማ እኔ ሆንሁ» አለችኝ። ያማረረች አትመስልም ነበር። እንጀራውን አንድ ሁለቴ ቆርሳ ተወችው።

ሸክሙን ለማቅለል ብላ ይሆናል፣ ለሳጥኑ ባለቤቶች የይለፍ ቃላቸውን ራሳቸው እንዲያወጡና ራሳቸው እንዲጽፉ ታስተምራቸው ጀመር። መጻፍ የማይችሉት እንኳ የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚነኩ ለመዱ። እምቢ ያሉት ወይዘሮ ካሣነሽ ብቻ ናቸው።

እትዬ ካሣነሽ ባላቸው ከሞተ የቆየ፣ መሬታቸውን የእኩል የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። መንደራቸው ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ብሩክታዊት ትባላለች፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ ይከለክሏት ነበር። የቤቱ ልጆች ግን ኮምፒዩተር ስላላቸው እነሱ ሲተኙ በዚያ ትጽፋለች። የኔነሽ ደብዳቤውን ስታነብላቸው እትዬ ካሣነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆመው ይሰማሉ። ከዚያ «እስቲ እንደገና» ይላሉ። የኔነሽ ሳትጨምርም ሳትቀንስም፣ በዚያው ድምፅ፣ እንደገና ታነብላቸዋለች።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃሉን ይልመዱት። እኔ ባልኖርስ?» ትላቸው ነበር።

«የት ትሄጃለሽ?»

«ልታመም እችላለሁ፤ ስማዳ ልሄድ እችላለሁ።»

«ስትመለሺ ታነቢልኛለሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጣቴን ምን አስተምረዋለሁ?»

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት እንደ ገባ፣ ከብሩክታዊት ደብዳቤ መጣ። እኔም ነበርሁ። እንዲህ የሚል ነው። «እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ውሌ ሊያልቅ ነው። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው። እኔ ደክሞኛል፤ ማታ ማታ እጄ ይደነዝዘኛል። አንቺ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። ቆዪ ካልሽኝም እቆያለሁ። እስከ ኅዳር ጽዮን መልስሽ ካልደረሰኝ ግን እፈርማለሁ።»

እትዬ ካሣነሽ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ዕለቱን አልመለሱም። ቤታቸው ገና ግማሹ ሣር ክዳን ነው፤ ሌላውን ቆርቆሮ ያለበሰችላቸው ልጃቸው ናት። የሚያስቡትን ሊያስቡ ሄዱ። በሳምንቱ መጡና ወንበር ላይ ሳይቀመጡ «ነይ በያት» አሉ።

«ሌላስ ምን ልጨምርላት?»

«ምንም አትጨምሪ። ነይ ብቻ።»

የኔነሽ ጻፈች። የዚያን ቀን መስመሩ እየመጣ እየሄደ ያስቸግር ነበር። «ሲመለስ እልከዋለሁ፤ እርስዎ መንገድ ላይ ሳይመሽብዎ ይሂዱ» አለቻቸው። እሳቸውም ሄዱ።

የኔነሽ ከመስከረም ጀምራ እየከሳች ነበር። በዚያ ሳምንት መነሣት አቃታት፤ ባሕር ዳር ወሰድናት። ለጥቂት ቀን ነው ብላ የቤቱን ቁልፍ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ጥቅምት ሳያልቅ ቀበርናት። ዘመዶቿ ከስማዳ መጡ። ስለ ሞቷ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

እትዬ ካሣነሽ ለቅሶ ደረሱ። ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ጥያቄው በአፋቸው ላይ እንደነበረ አሁን ይገባኛል። የመጡት የኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ የተከራየነውን ክፍል ለባለቤቱ ለመመለስ ዕቃውን መጠቅለል ጀምሬ ነበር።

«መምህር» አሉኝ፣ «እንዲህ ባለ ጊዜ አላስቸግርዎትም ነበር። ጽዮን ደረሰች። ልጄ መልሱን አግኝታ እንደሆን ቢያዩልኝ።»

ቤቱን ከፈትሁት። አቧራ ነበረበት። የሳጥናቸውን ስም አውቀዋለሁ፤ የይለፍ ቃሉን ግን አላውቀውም። የኔነሽ የሰውን የይለፍ ቃል ለእኔም አትነግረኝም ነበር። የልጃቸውን ስም ሞከርሁ፤ የታቦታቸውንም ሞከርሁ። እምቢ አለ። የይለፍ ቃል ለረሳ ሰው የተዘጋጀ ሌላ በር አለ፤ እዚያ ስገባ ማሽኑ የትውልድ ቀን ጠየቀኝ።

«እትዬ ካሣነሽ፣ መቼ ነው የተወለዱት?»

«ታኅሣሥ በዓታ ነዋ። በግርግሩ ዓመት። እናቴ እኔን ወልዳ ሳትነሣ ነው አሉ አዲስ አበባ ላይ ጦሩ የተታኮሰ።»

ይህ እንኳ ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ። ታኅሣሥ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ በወረቀት ላይ አስልቼ ወደ ዲሴምበር መለስሁትና ጻፍሁ። ስሕተት ነው አለኝ። አንድ ቀን ጨምሬ ሞከርሁ፤ አንድ ቀን ቀንሼ ሞከርሁ። በመጨረሻ እስከ ነገ መሞከር እንደማልችል ገልጾ ዘጋብኝ።

እትዬ ካሣነሽ ፊቴን እያዩ ነበር። የትውልድ ቀኑን፣ አቆጣጠሩን፣ እስከ ነገ የሚለውን ሁሉ ማስረዳት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር። «ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ እትዬ። ነገ ይምጡ» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ሰበሰቡና ወጡ። ከተማው ውስጥ የእኅታቸው ልጅ ቤት ስላለ እዚያ እንደሚያድሩ አውቄ ቤቱን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ በር ተንኳኳ። የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ገና ጎሕ መቅደዱ ነው። ሰው በዚህ ሰዓት እንዲህ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ የሚነገር ምን ቀርቶ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ደኅና አደርህ፣ መምህር» አሉ የኔታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ።»

«አንገባም። ስለ ካሣነሽ ልጅ ነው የመጣነው። ለብቻህ አትሸከመው ብለን ነው። የነፍስ አባቷን ልከን አስጠርተናል። እንዴት ሆና ነው የሞተችው?»

«ማን ናት የሞተችው?»

«ብሩክታዊት ናት እንጂ።»

«የኔታ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

የኔታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተያዩ። «ኔትወርክ የለም ብለሃታል አሉ» አሉኝ ቀስ ብለው።

የኔነሽ እንደምታደርገው ወንበሩን ደጅ አላወጣሁም ነበር።

የእኅታቸው ልጅ ቤት ስንደርስ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። የጮኸ ሰው የለም፤ መርዶው እስኪነገር ይጠብቃሉ። እትዬ ካሣነሽ መሐል ላይ ናቸው፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«እትዬ ካሣነሽ፣ ልጅዎ ደኅና ናት» አልሁ።

«አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ደኅንነቷን በምን አወቁ?»

«ሳጥኑ የተዘጋብኝ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኝ ነው። ያልሁት ነገር ስሕተት ነው። ደክሞኝ ነው ያልሁት።»

«የኔነሽም ነፍሷን ይማረውና ለይግዛው እንዲሁ ነበር ያለችው» አሉ። «ፊቷን እንኳ አልለወጠችም አሉ። እርስዎም አልለወጡም።»

ብምልም አያምኑኝም፤ የምምልበት ነገርም አላየሁም። «ይነሡ እንሂድ፤ አብረን እንክፈተው» አልኋቸው።

እሳቸው ሲነሡ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። በአውራ ጎዳናው ላይ ሄድን። አንድ ባጃጅ አልፎን ሊሄድ ሲል የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየና ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። አለበል ሱቁን ሲከፍት አየን፤ መቀሱን እንደያዘ ተከተለን። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እትዬ ካሣነሽ፣ የኔታና አለበል ገቡ፤ ሌላው ደጅ ላይ ቀረ።

ማሽኑ እንደገና የትውልድ ቀን ጠየቀ። እንደ ትናንቱ ሦስት ጊዜ ብሳሳት ደግሞ እስከ ነገ ይዘጋብናል። ሌላ አንድ ሌሊት እኒህን ሴት እንዴት ብዬ አሳድራለሁ? እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

«እትዬ፣ ሳጥኑ ሲከፈት ለየኔነሽ ምን ብለው ነገሯት?»

«ለእርስዎ እንዳልሁት። በዓታ፣ ታኅሣሥ ሦስት አልኋት። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ እሷም ወዲያው ጻፈችው።»

ወዲያው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የእኔንም ሳጥን የከፈተችልኝ እሷ ናት። የተወለድሁት ግንቦት ዘጠኝ ነው፤ ማሽኑ ግን በየዓመቱ መስከረም ሊገባ ሲል እንኳን ተወለድህ ይለኛል። ስቀንበት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አስቤው ግን አላውቅም። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው፤ የፈረንጁ ዘጠነኛ ወር ደግሞ ሴፕቴምበር። የኔነሽ አቆጣጠር አላሰላችም። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ የነገራትን ቀን እንደነገራት ነው ያስገባችው።

ቀን ሦስት፣ ወር አራት፣ ዓመት አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ብዬ ጻፍሁ። ተከፈተ።

«በበዓታ ተከፈተ?» አለ አለበል። «ማሽኑም ያገራችን ሰው ሆነ ማለት ነው።»

«ዝም በል» አሉት የኔታ።

ያልተነበበ አንድ ደብዳቤ ነበር። ላኪዋ ብሩክታዊት ናት። ከተጻፈ ገና ሳምንት አልሞላውም። በመጀመሪያ ቀኑን ለየኔታ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም አዩትና «ራሷ ናት የጻፈችው፤ በሕይወት አለች» አሉ። ደጅ ያሉት ሰሙ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ ሌሎቹ ያዟት። እትዬ ካሣነሽ ነጠላቸውን አውርደው ገለበጡትና በደኅናው በኩል ለበሱት።

«ያንብቡልኝ» አሉኝ።

እንደ የኔነሽ ሳልጨምር ሳልቀንስ ላነብላቸው ሞከርሁ። «እማዬ፣ መልስሽን ብጠብቅ ብጠብቅ አጣሁት። ማዳም ወረቀቱን ከቀኑ በፊት አመጣችብኝ። ዝም ያልሽው ቆዪ ማለትሽ ነው ብዬ ፈረምሁ። ሁለት ዓመት ነው። አትዘኝብኝ። በሰላም ያገናኘን።»

«እስቲ እንደገና።»

እንደገና አነበብሁ። የኔታ ደጅ ወጥተው «ተመስገን በሉ፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» እያሉ ሰዉን በተኑ። አለበልም ወጣ። ሁለታችን ቀረን።

እትዬ ካሣነሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ቤት ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ነይ ብያት ነበር'ኮ» አሉ። «ነይ ብያት እያለ ዝም አልሽ ትለኛለች። መምጣቱን ስላልፈለገች ይሆን?»

ያልተላኩ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈትሁት። እዚያ ነበረች፤ አንዲት ቃል ብቻ። ነይ። መስመሩ ሲመለስ የምትልከው ሰው አልጋ ላይ ነበረች። ዝም ብል እትዬ ካሣነሽ ምንም አያውቁም። ግን ልጃቸው እምቢ አለችኝ ብለው ሁለት ዓመት ሊኖሩ ነው።

«አልተላከም» አልኋቸው። «ይኸውና፣ እዚህ ቀርቷል። የኔነሽ ጽፋው ሳትልከው ነው የታመመችው። ብሩክታዊት አላየችውም።»

የኔነሽን ስም ክፉ እንዳያነሡብኝ ፈርቼ እንደነበር የገባኝ ሲናገሩ ነው።

«ያን ቀን ቁልፉን ስትነካ ጣቷ ሲሳሳት አይቻለሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ ሁለት ጊዜ ጻፈችው። አንዲት ቃል ናት እኮ። ታማ ነው፣ ትተኛ ብዬ ፈጥኜ የወጣሁ እኔ ነኝ።»

«ደግሜ ልላከው? ውሉን አፍርሳ ልትመጣ ትችል እንደሆነ ልንጠይቃት እንችላለን።»

«አይ። ከፈረመች በኋላ ነይ ብላት ይበልጥ ታለቅሳለች።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «መምህር፣ ትናንት ከዚህ ስወጣ ልጄ ሞታ ነበር። ሌሊቱን ስቀብራት አደርሁ። ዛሬ ሁለት ዓመት ትቆያለች ሲሉኝ ምን ብዬ እከፋለሁ? ሁለት ዓመት ይገፋል። ይጻፉልኝ።»

እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍሁ። «ብሩክታዊት ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዝም አላልሁሽም። መልሴን የምትጽፍልኝ የኔነሽ ታማ ሞታለች፤ አልቅሺላት፣ ላንቺም ደክማልሻለች። መልሴ ነይ የሚል ነበር። አሁን ከፈረምሽ ጨርሺ። ማታ ማታ እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ንከሪው። እኔ ደኅና ነኝ።»

«ስለ ውኃው ከየት አመጡት?» አልኋቸው።

«የኔነሽ ናት የነገረችኝ። እንዲህ ይበሏት ብላኝ ነበር፤ ያኔ ነይ ብቻ በያት ብዬ አስተውኋት።»

ጥቂት ጊዜ ከማሽኑ ዓይኔን ማንሣት አልቻልሁም። ከዚያ ላክሁት። መስመሩ ቀስ ይል ነበርና መላኩን እስኪገልጽልን ሁለታችንም ጠበቅን። ሄደ። እትዬ ካሣነሽ ተነሡና በትራቸውን ያዙ፤ ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀራቸዋል።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው በጥግ የተደረደሩትን የተጠቀለሉ ዕቃዎች አዩ።

«በሚመጣው ገበያ ብመጣ ክፍት ነው?» አሉኝ።

«ከትምህርት ቤት የምወጣው በስምንት ሰዓት ነው» አልኋቸው። «ከዚያ በኋላ ይምጡ።»